ሆዳሙ ፓምፕ

የሞላን ነገር ለማጉደል ሌላ ነገር መጨመር ግድ ሆኖባችሁ ያውቃል?

ጥያቄው ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ። አዲስ ተማሪዎች በመጡልኝ ቁጥር የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከመካከላቸውም «ቲቸር፣ እንቆቅልሽ ነው?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እንቆቅልሽ አይደለም። ሸጎሌ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ፣ በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ የደረሰብኝ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርና በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ፓምፖች አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ከልክ በላይ እወዳለሁ። አንድ ቀን ለሚኒባስ ረዳት በሩ ለምን እንደሚያስቸግረው ሳስረዳው፣ እስክወርድ ድረስ ፊቱን አዙሮብኝ ሄዷል። የጠመኔዬ ቀለም እንኳ ሥርዓት ነበረው፤ ውሃ በሰማያዊ፣ ብረት በነጭ፣ አደጋ በቀይ።

በዚህ አመሌ ሲቀልድብኝ የማይታክተው ከድር ነበር። ግቢው የእናቱ የእማማ ሩቂያ ሲሆን፣ እሱ በራችን ላይ ያለውን ሱቅ ይሠራል። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ አንተ አንቺ እንባባላለን።

«ቲቸር፣ ስኳርሽን ተቀብለሽ ግቢ። ዛሬ ስለ ሚዛኑ ትምህርት የለም።»

«ሚዛንህ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።»

«ወደ ደንበኛው ነው የሚያዘነብለው። አላህ ያውቃል፣ አንቺ ዝም በይ።»

በዚያ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ፓምፕ እየሠራን ነበር። ውሃ የሚስብ ሳይሆን ጭቃ፣ ዝቃጭ፣ ፌስታልና ጨርቅ የተቀላቀለበትን ወፍራም ፈሳሽ የሚስብ። ልዩነቱን ባጭሩ ላስረዳ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። በተለመደው የውሃ ፓምፕ ውስጥ ክንፍ ያለው ክብ ብረት በፍጥነት ይሽከረከራል። ውሃውን ከመሐል ተቀብሎ ወደ ዳር ይወረውረዋል። ክንፎቹ ከፓምፑ ግድግዳ ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ ንጹህ ውሃ ላይ ጎበዝ ነው። አንድ ፌስታል ከገባበት ግን ይታነቃል። የእኛ ሐሳብ ክንፎቹን ወደ ኋላ ደብቆ ከፊታቸው ሰፊ ባዶ ቦታ መተው ነበር። እንዲህ ሲሆን ክንፎቹ የሚገባውን ነገር እምብዛም አይነኩትም፤ አዙሪት ይፈጥራሉ፣ አዙሪቱም ይዞት ይወጣል። ጉልበት ያባክናል። ግን የገባው ነገር ሳይቆራረጥ እንደገባ ይወጣል።

በኮሌጁ ግቢ ቦታ ስለጠበበን የምንሞክረው ከከድር ሱቅ ጀርባ ነበር። ነቀዝ የፈጀው ዱቄት ሰጠን። ከሰጋቱራ ጋር በበርሜል በጥብጠን ሞተሩን አስነሳን። ፓምፑ በርሜሉን ጠጥቶ ሲጨርስ ከድር እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ይሄማ ሆዳም ነው! ቆይ፣ ቆይ» አለና ወደ ሱቁ ሮጦ አንድ ሎሚ ይዞ መጣ። «ይህችን ሳይጨፈልቅ ካወጣት፣ ስሙን እኔ ነኝ የማወጣለት።»

ሎሚዋ በወዲያኛው የቱቦ ጫፍ ተንከባልላ ወጣች። አንስቶ በሸሚዙ ጠረጋትና አገላብጦ አያት፤ አልተላጠችም። «ሆዳሙ» አለ። «ጥርስ የሌለው ሆዳም!» ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠመኔ ጽፌ የሰጠሁትን ረጅም ስም የጠራው ሰው የለም። ማሳደሪያ ስላልነበረን ሆዳሙ ከሱቁ ጀርባ ባለችው መጋዘን፣ በዘይት ጀሪካኖችና በስኳር ጆንያዎች መካከል ተቀመጠ።

አሁን ደግሞ ስለ ጉድጓዱ።

ክረምቱ ሲያልፍ የከድር ሠርግ ነበር። እማማ ሩቂያ ከወሎ የሚመጣውን ዘመድ የት እንደሚያሳድሩ ሲያስቡ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ጢም ብሎ ሞላ። የእኛ መንደር መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። መምጠጫ መኪናው ከዋናው መንገድ ቆሞ ቱቦውን ቢዘረጋ አይደርስም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። ከአሮጌው ጉድጓድ ጎን አዲስ ይቆፈራል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የሚቀረው አፈር ቀጭን ነው፤ ቀጭን መሆኑም ይፈለጋል። አዲሱ ሲያልቅ ከላይ በኩል ይበሳና የአሮጌው ትርፍ ወደ አዲሱ እንዲፈስ ይደረጋል። «ማስተንፈስ» ይሉታል። በበጋ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ከድር ግን ሠርጉ ስለደረሰበት በክረምት አስቆፈረ።

የዚያን ቀን ከጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ስመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ ማባራቱ ነበር። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጎርፍ በመንደሩ መሐል ቀይ ሆኖ ይሮጣል። ጃንጥላዬን አጥፌ ወደ ግቢያችን ስታጠፍ ጩኸት ሰማሁ። ሰዎች በበሩ እየተጋፉ ይገባሉ። ቆፋሪው ተሾመ ደረቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ አጥሩን ተደግፏል።

«ተሾመ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምሳ ልበላ ነው የወጣሁት» አለኝ። «ዝናቡ ሲመጣ ዶማውን ላውጣልህ ብሎ ገባ። መሰላሉ ላይ ነበር እኮ! መሰላሉን ይዞ ነበር! ግድግዳው ሄደ።»

«ማን? ማን ነው የገባው?»

«ከድር።»

ቀጭኑ ግድግዳ ከታች ተደርምሶ፣ አሮጌው ጉድጓድ የያዘውን ሁሉ ወደ አዲሱ ገልብጦታል። በአፉ ዙሪያ ተከምሮ የነበረው አፈርም ተከትሎ ገብቷል። ሁለት ሰው ቢቀጣጠል የማይደርስበት ጉድጓድ፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በግራጫና በቀይ ነገር ሞልቷል። ላዩ ላይ ፌስታሎች ተንሳፍፈዋል። አንድ ጊዜ ፊኛ የምታህል አረፋ ወጥታ ፈነዳች። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጎረቤቶቹ በባልዲ ሊቀዱ ሞከሩ። አንድ ጎረምሳ ገመድ ታጥቆ ሊገባ ሲል ሽታው ራሱን አዞረውና ጎትተው አወጡት። የነፍስ አድን ሠራተኞች ሲመጡ መኪናቸውን ከዋናው መንገድ ትተው ዕቃቸውን በትከሻ ተሸክመው ደረሱ። አለቃቸው ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነበር።

«ጋዝ አለ። ማንም አይገባም» አለ። «መጀመሪያ ይጎድላል፣ ከዚያ የእኔ ልጆች ጭምብል አድርገው ይወርዳሉ።»

ትንሽ ፓምፕ ይዘዋል፤ ጎርፍ ለማውጣት የሚሆን ጥሩ ፓምፕ። ሥራውን ስለማውቅ ገና ሲያስነሱት ልቤ ፈራ። ጥቂት ተፋና ድምፁ ታፈነ። አቆሙት፣ ቱቦውን አወጡ፣ ከወንፊቱ ላይ ፌስታልና ጨርቅ ቦጨቁ፣ መልሰው ከተቱት። ደግሞ ታፈነ። ደግሞ አጸዱት። ልጆቹ እጃቸው ተልጦ ነበር፣ አንዳቸውም ግን አላጉረመረሙም። የጉድጓዱ ልክ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

እማማ ሩቂያ ከቤቱ በረንዳ ላይ፣ አንድ ሰው ባቀረበላቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አይጮሁም። ጎናቸው ጎረቤታችንና የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ አልማዝ ቆመዋል። እትዬ አልማዝና ከድር በውሃ ነገር ሰላም ኖሯቸው አያውቅም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ሁለቱ ቤቶች የሚቀዱት ከአንድ መስመር ስለሆነ፣ በመጣ ቁጥር ይነታረካሉ።

«እትዬ አልማዝ፣ ጀሪካን ላይ ነው እንዴ የሚተኙት? አልጋ ልግዛልዎት?» ይላቸዋል ከድር።

«አንተ ጉሮሮህ ቧንቧ ነው! ሰፈሩን ጠጥተህ ትጨርሰዋለህ» ይመልሳሉ። ከዚያ በነጋታው ከሱቁ ዱቤ ይወስዳሉ፣ እሱም ይሰጣቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው ለአስር ሶላት አዛን ሲሰማ አለቃው ወደ እማማ ሩቂያ ቀርቦ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። እኔም ከኋላው ነበርኩ።

«እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ብዙ ሰዓት ሆኖታል። ከዚህ በኋላ በሕይወት...» አልጨረሰውም። «የቤቱ መሠረት ሥር ደግሞ አፈሩ እየሸሸ ነው። ሲመሽ ልጆቼን እዚህ ማቆም አልችልም። ነገ ጠዋት በሌላ መሣሪያ እንቀጥላለን።»



«ልጄ፣ ሞቷል በለኝ፣ እሰማሃለሁ» አሉ እማማ ሩቂያ። «የአላህን ውሳኔ አልመልስም። ግን በነጃሳ ውስጥ አያድርብኝ። ከድር ጠርሙስ ውሃ እንኳ ቢያጣ ሳይታጠብ ያደረበት ቀን የለም። ይህን ሌሊት እዚያ ውስጥ አያድርብኝ።»

ነጃሳ ማለት ሰውን ከሶላት የሚያግድ ርኩሰት ነው። ያን ቃል ስሰማ ሆዳሙ ትዝ አለኝ። ለምን ቀደም ብሎ እንዳልመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት በአእምሮዬ ውስጥ የትምህርት ዕቃ ብቻ ስለነበረ ይሆናል።

«ፓምፕ አለን» አልኩ። «ለዚህ የሚሆን። እዚሁ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቁልፉ የት ነው?» አለ አለቃው ተነስቶ።

እማማ ሩቂያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «እሱ ኪስ ውስጥ ነው» አሉ።

ተሾመ ዶማ ተዋሰና ጓጉንቸሩን ሰበረው። ሆዳሙን ከስኳሩ ጆንያዎች መሐል አንስተን በሳንቃ ላይ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጥነው። ወፍራሙን ቱቦ ወደ ውስጥ ሰደድን፤ የወዲያኛውን ጫፍ ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው፣ በአሸዋ ጆንያ ወደታጠረ ባዶ ቦታ ዘረጋነው። መሳብ እንዲጀምር በሆዱ ውሃ ሞላሁበትና ሞተሩን አስነሳሁ። ቱቦው እንደ እባብ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ከወዲያ ጫፍ ግራጫው ነገር በአንድ ጊዜ ተተፋ። ፌስታል ወጣ። የተጠቀለለ ጨርቅ ወጣ። የተሰበረ የፕላስቲክ ጫማ ወጣ። ሕዝቡ እልል ሊል ቃጣውና እማማ ሩቂያን አይቶ ዝም አለ።

ጉድጓዱ ክንድ ያህል ጎደለ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ።

የታነቀ ሞተር ያቃስታል። ይኼኛው ግን ሸክሙን የጣለ ያህል ጮኸ፤ አየር እየሳበ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቱቦው አፍ ዙሪያ ያለው አልቆ ባዶ ጎድጓዳ ተፈጥሯል። በዙሪያው ያለው ግን እንደ ገንፎ ቆሟል፤ አይፈስም። የእኛ ቀይ አፈር ከዝቃጩ ጋር ተቦክቶ ወደ ቱቦው የሚሄድበት አቅም አጥቷል። ፓምፑ ምንም አልጎደለውም፤ የሚበላው ነገር ወደ አፉ አይመጣለትም። ከሱቁ ጀርባ ስንሞክር የምንበጠብጠው እኛው ነበርን፤ እሱ በሚወደው ልክ አቅጥነን ነበር የምናቀርብለት። የማይፈስ ነገር ገጥሞን አያውቅም።

ቀና አልኩና «ውሃ ያስፈልገኛል» አልኩ። «ብዙ ውሃ። ወደ ውስጥ የሚጨመር።»

«ወደ ውስጥ?» አለ አለቃው። «እህቴ፣ ልናወጣ ነው እኮ የመጣነው።»

«ካልቀጠነ አይፈስም። ካልፈሰሰ አይወጣም።»

ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ። «ሰውዬው ላይ ውሃ ሊጨምሩበት ነው! እብድ ናት እንዴ? ከድርን ሁለተኛ ልታሰምጠው ነው?» ሌሎችም ተቀበሉት። አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረዳት አቃተኝ። ሰማያዊ ጠመኔ የለ፣ ሰሌዳ የለ። ቀጥ ብዬ ወደ በረንዳው ሄድኩና እማማ ሩቂያ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ውሃ ካልጨመርንበት አይለቀውም» አልኳቸው።

ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ። «ሎሚዋን ያወጣው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«ልጄን አይቆርጠውም?»

«አይነካውም፣ እማማ። ቱቦውን ከእሱ አርቄ ነው የምይዘው።»

«እንግዲያው የምትይውን ስጧት» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው።

ውሃ ግን ከየት ይምጣ? ፈረቃችን ካለፈ ሰንብቷል። የዝናቡ ጎርፍ በመንደሩ ላይ ሮጦ አልቋል፤ የቀረው አተላ ነው። መጀመሪያ ከቦታቸው የተነሱት እትዬ አልማዝ ናቸው። ወጥተው ሲመለሱ በእያንዳንዱ እጃቸው አንድ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ሰው ሁሉ ከኋላቸው ተንቀሳቀሰ። ከየቤቱ ጀሪካን ወጣ፤ ባልዲ ወጣ፤ የእርሾ ማሰሮ ውሃ ሳይቀር መጣ። የመስጊዱ ሰዎች ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የሚጠቀሙበትን ሮቶ ከፍተው በቅብብሎሽ ላኩ። የአጥቢያው ጸሎት ቤት ልጆችም መጡ፤ እኔ እሑድ እሑድ አብሬያቸው የምዘምር ልጆች።

አለቃው ነገሩ ወዲያው ገባው። «የእኛ ፓምፕ ንጹህ ውሃ ይወዳል አይደል?» አለኝ። ውሃውን በበርሜል አጠራቅመው ትንሹን ፓምፕ ከበርሜሉ አገናኙትና በቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይረጩ ጀመር። ቆሞ የነበረው ገንፎ ተቆረሰ፣ ተበጠበጠ፣ ወደ ሆዳሙ አፍ ተንሸራተተ። የሞተሩ ድምፅ ከበድ አለ። ለእኔ ከዚያ ድምፅ የበለጠ የሚያጽናና ነገር አልነበረም።

ጉድጓዱ ጎደለ። በጎደለ ቁጥር ጀሪካን እየጎደለ ሄደ። «ውሃ! ውሃ ጨምሩ!» እላለሁ። ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ብቅ ብላ የቤቱን ቆርቆሮ ቢጫ ስታደርገው በርሜሉ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ዞር ስል እትዬ አልማዝን አየሁ። በአጥሩ ጥግ ጎን ለጎን ባቆሟቸው ሌሎች ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ አልማዝ፣ እነዚያን ያምጧቸው!»

«አልሰጥም።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እትዬ፣ ሊያልቅብን ነው!»

«ይለቅ። እነዚህን አልሰጥም።»

«ዛሬም?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዛሬም ለውሃ ይሰስታሉ?»

ሰው ዞሮ አያቸው። ተሾመ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሄደ። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው ይበልጥ ተደላደሉ። ከመስጊዱ የመጨረሻው ባልዲ በዚያው ቅጽበት ደረሰልንና ፊቴን አዞርኩ።

ያን ባልዲ ስንጨምር ነው ከወዲያኛው የቱቦ ጫፍ የቆመችው ሴት «ቲቸር» ብላ የጠራችኝ። ሄድኩ። ከዝቃጩ ላይ በእንጨት ለይታ ያወጣችው አንድ በክር የተሠራ ክብ ኮፍያ ነበር፤ ከድር ለሶላት የሚያደርጋት። ነጭነቷ ጠፍቷል። አንድ ክር ግን አልተበጠሰም። ፓምፑን የሠራሁት ይህን እንዲያደርግ ነበር፤ የገባውን ነገር ሳይቆርጥ እንዲያወጣ። በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ! ኮፍያዋን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«አቁሚ!» አለ አለቃው ከጉድጓዱ በኩል። ሮጬ ሞተሩን አጠፋሁት።

መሰላሉ ታየ። በመሰላሉ እርከን ላይ የተጨበጠ እጅ ነበር።

ጭምብል ያደረጉት ልጆች ወረዱ። ያዩትን አልጽፍም። ቀስ ብለው፣ ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቁ ይመስል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሰላሉ አላቀቁ። ሲያወጡት ወንዶቹ ጋቢያቸውን ዘረጉ። እማማ ሩቂያ ተነስተው ቆሙ። «ኢና ሊላሂ፣ ሁላችን የአላህ ነን» አሉ፣ ከዚያ ዱካው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጡ።

የፖሊስና የጤና ሰዎች ማድረግ ያለባቸውን አድርገው አስከሬኑን ለቤተሰቡ ሰጡ። በጓሮው ሸራ ተጋረደ። የመስጊዱ አጣቢዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆሙ። ከመካከላቸው ሽማግሌው «ውሃ አምጡ» አለ።

ባዶ ጀሪካኖች በየቦታው ወድቀዋል። ሮቶው ደርቋል። በርሜሉ ደርቋል። የሰፈሩን ውሃ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው «አዲሱ ገበያ ሄጄ ላምጣ» ሲል፣ ሌላው «እስኪመጣ መግሪብ ይደርሳል፣ ይመሻል» አለ።

እትዬ አልማዝ ከተቀመጡበት ተነሱ። አንዱን ጀሪካን አዘንብለው፣ ሌላውን በጉልበታቸው እየገፉ ወደ ሸራው አመጡ።

«ንጹህ ነው» አሉ ለሽማግሌው። «ጠዋት ነው ያጣራሁት። ለሱ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ አይበቃም?»

«ይበቃል፣ ይበቃል እናቴ» አለ ሽማግሌው።

«እንግዲህ ጠጣ» አሉ እትዬ አልማዝ ወደ ሸራው ዞረው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ጉሮሮህ ቧንቧ ነው አላልኩህም? እንካ። ሁለቱም ያንተ ነው።» ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ወደ እሳቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጄን ያዙኝ። «አንቺ ማውጣቱን ነበር የምታስቢው፣ እኔ ማጠቢያውን፤ ተዪው» አሉኝ።

ከድር በዚያ ነጃሳ ውስጥ አላደረም። በማግስቱ ጠዋት ቀበርነው። ለሠርግ የተጠሩት ዘመዶች ከወሎ ለለቅሶ መጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፏል። አንዳንድ ሰዎች ያችን ቀን ፓምፑ ሰው ያዳነበት ቀን አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ። አላዳነም። ሠራ፣ የተሠራለትን ሥራ ሠራ፣ ከድር ግን የለም። ሱቁን አሁን የአጎቱ ልጅ ይሠራዋል፤ ሚዛኑን አስተካክሎታል። ስኳር በገዛሁ ቁጥር ትክክል መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሆዳሙ ወደ ኮሌጁ አልተመለሰም። እትዬ አልማዝ የኮሌጁን ኃላፊዎች ደጅ ጠንተው ለእድሩ አስፈቀዱት። ከድንኳኑ፣ ከወንበሮቹና ከትልልቅ ድስቶቹ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ነው። እድሩ አንድ ደንብ ጨመረ፤ በክረምት ከአሮጌ ጉድጓድ ጎን አዲስ የሚያስቆፍር ሰው ከሰብሳቢዋ ጋር ይጣላል። እትዬ አልማዝ ሲጣሉ ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ።

እኔም እንደ ድሮው አላስተምርም። ድሮ የምጀምረው ከፓምፑ ነበር። አሁን ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ቦዩ፣ ወደ ጉድጓዱ እሄዳለሁ። ምን አለበት? ይፈሳል ወይስ ቆሟል? የማይፈስ ከሆነ የሚያቀጥነው ውሃ ከየት ይመጣል፣ ከማን ቤት? በመጨረሻ ደግሞ መጽሐፍ ላይ የሌለውን እጠይቃቸዋለሁ፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሰውየው የሚቀረው ውሃ የትኛው ነው? ብዙዎቹ ግራ ይጋባሉ። አላስረዳቸውም። ዝም ማለት ተምሬያለሁ፣ ጥቂት።

አሁን እናንተም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ከግቢያችሁ አፈር ዝገኑና በአንድ ጣሳ ውስጥ በጥቂት ውሃ አቡኩት፤ አንድ የፌስታል ቁራጭና የጨርቅ ብጣሽ ጣሉበት። ጣሳውን በቀስታ አዘንብሉት። ይቆማል፣ አይወጣም። ያኔ ውሃ ጨምሩና አማስሉት፤ መንገዱን ሲያገኝና ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቀላል ነው፣ ልጆቻችሁም ይወዱታል።

ግን መጨመር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ኩባያ ንጹህ ውሃ ቅዱና ጥግ ላይ አስቀምጡ። ጣሳው እምቢ ቢላችሁም፣ ሰው ቢጮህባችሁም አትንኩት። እጃችሁ ጭቃ ሆኖ ስትጨርሱ በእሱ ታጠቡ፣ ስትታጠቡም ከድርን አስቡልኝ።